እስከ ሽቦው ድረስ

2ኛ ወር፣ 11 ቀን። በረዶ።

ዛሬ መጋዙ ከእጄ ወደቀ።

ስድስተኛው ረድፍ ላይ ቅርንጫፍ እየገረዝኩ ነበር። ቀኝ እጄን ከራሴ በላይ ቅርንጫፎቹ ወደታሰሩበት የሽቦ ዳስ ሳነሳ ትከሻዬ መንገድ ላይ ቆመ። ስለ ሕመሙ አይደለም የምጽፈው። ሕመሙ ከመከር ጀምሮ አለ፤ ለምጄዋለሁ። ዛሬ ግን እንደ ዛገ በር ቆመ፤ ብገፋውም አልሄደም።

ኒሺኦ ከወሰኑ ወዲያ ሆኖ አየኝ። የፒር ፍሬ አምራቾች ማኅበራችን ሊቀመንበር እሱ ነው። በዕድሜ በአሥር ዓመት ያንሰኛል፣ በወሬ በአሥር እጥፍ ይበልጠኛል።

«ጋሽ ዮነሃራ፣ የወደቀው መጋዙ ነው ወይስ እጅዎ?»

«መጋዙ ነው።»

«እንግዲያው ያንሱት።»

በግራዬ አነሳሁት። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ወደ ወሰኑ ጠጋ አለ። «ደንቡን እኔ አላወጣሁትም፤ እርስዎም ያውቁታል። አበባ ሲፈካ እጅ የሌለው እርሻ ወይ ለሌላ ይሰጣል ወይ ይቆረጣል። ያልተያዘ ዛፍ በሽታውን የሚያራባው ለኛ ነው።»

«አበባው ሲፈካ እጄ ሽቦው ላይ ይሆናል።»

«ሽቦው የት እንዳለ አውቃለሁ፤ እጅዎ የት እንዳለ ነው ግራ የገባኝ» ብሎኝ ሄደ።

አርባ አንድ ዛፍ ነው ያለኝ። ሁሉንም የተከልኩት እኔ ነኝ፣ ሁሉንም ያዳቀልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ማዳቀልን የተማርኩት ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው። የእኛ ፒር ደግሞ በራሱ አበባ ፍሬ አይዝም። የሌላ ዝርያ የአበባ ዱቄት በላባ ብሩሽ እያንዳንዱን አበባ መንካት አለበት። ሰባት ቀን፣ ከንጋት እስከ ምሽት፣ እጅን ከራስ በላይ ዘርግቶ። በዚህ ተዳፋት በብርዱ ንብ አይመጣም። ንቡ እኔ ነኝ።

ባለቤቴ ሱሚኤ እራት ላይ በግራ እጄ ስበላ አየችኝ። ሾርባውን ወደ ግራ በኩል አስጠጋችልኝ።

2ኛ ወር፣ 14 ቀን። ደመና።

ከተማው ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ «መጋጠሚያው ደርቋል፣ ጅማቱም አርጅቷል። ቢላ አያስፈልገውም፤ መድኃኒቱ እንቅስቃሴ ነው» አለና ወደ ኋላ ክፍል ላከኝ።

እዚያ ኦኩዴ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች። አርባን ያለፈች፣ አጭር፣ እጇ ሊጥ ሲያቦካ የኖረ ሰው እጅ የመሰለ። ክንዴን ይዛ ወደ ላይ ወሰደችው። የቆመበት ቦታ ላይ መለኪያዋን አስቀመጠች።

«ሰባ አምስት ዲግሪ።»

«ለሽቦው ስንት ይበቃል?»

«ሽቦው የት ነው ያለው?»

በግራ እጄ አሳየኋት፤ ከራሴ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ። አሰበች። «መቶ ሠላሳ ይበቃዎታል። ለመቼ?»

«አበባው ለአራተኛው ወር አሥር ገደማ ነው።»

«ስምንት ሳምንት። ከሠሩበት ይደረስ ይሆናል። ከታገሉት ግን አይደረስም።»

«መሥራትና መታገል ምን ልዩነት አለው?»

«ለእርስዎ ምንም አይመስለኝም፤ ጣጣው እሱ ነው» አለች።

ያሳየችኝ ሥራ ይሄ ነው። ከሞቀ የመታጠቢያ ገንዳ እንደወጣሁ በግራ እጄ ጠረጴዛ ተደግፌ አጎነብሳለሁ። ቀኙን እንደ ገመድ ልቅ አድርጌ፣ ውሃ የተሞላ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይዤ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አወዛውዛለሁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። «ትንሽ እስኪያምዎት፤ ከዚያ ያቆማሉ።»

አሥር ጊዜ! ተባይ እንዳይነካው ስድስት ሺህ ፍሬ ዛፉ ላይ እያለ በእጄ የወረቀት ከረጢት አልብሼ የማውቅ ሰውዬ።

2ኛ ወር፣ 18 ቀን።

ጠዋት መቶ። ከሰዓት መቶ። ከእራት በኋላ መቶ። ጠርሙሱን በአንድ ሊትር ቀየርኩት። ካልደፈረሰ አይጠራም።

2ኛ ወር፣ 21 ቀን። በረዶ።

ኦኩዴ ገና ሸሚዜን ሳወልቅ ፊቷን አጠቆረች።

«ስንት ጊዜ ሠሩ?»

«እንዳሉኝ።»

«አፍዎ እንዳልኩት ይላል። ትከሻዎ ግን ሌላ ነገር እያወራኝ ነው። አብጧል እኮ!» ለካችው። ሰባ። ከመጣሁበት አምስት ወደ ኋላ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰሙም?»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ አበባው ይረግፋል።»

አጠገባችን ጉልበቷን የምታስታሽ አሮጊት ነበረች፤ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ኦኩዴ አልሳቀችም። ወንበር ስባ ከፊቴ ተቀመጠች።

«አባቴ፣ ዛፍ ላስተምርዎት አልመጣሁም። እርስዎም ትከሻ አያስተምሩኝ። እሺ?»

እሺ አልኳት። ቃሉን ማውጣት ከጠርሙሱ በላይ ከበደኝ።

3ኛ ወር፣ 1 ቀን። በረዶው እየቀለጠ ነው።

ሰማንያ ስምንት። አሥር፣ ሦስቴ። በትክክል ያንኑ። ነገሩ ያናድዳል፤ ግን እየሠራ ነው።

አዲስ ሥራ ጨመረችልኝ። ግድግዳ ፊት ቆሜ በቀኝ እጄ ጣቶች እንደ ሸረሪት ወደ ላይ እወጣለሁ። የደረስኩበት ላይ በእርሳስ መስመር አሰምራለሁ። ቤት ውስጥ የወረቀት ተንሸራታች በር እንጂ ግድግዳ የለንም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ማሸጊያ ጎተራው ውስጥ፣ በደቡቡ የጣውላ ግድግዳ ላይ ጀመርኩ።

3ኛ ወር፣ 5 ቀን። ዝናብ።

የደቡቡ ጣውላ ከዝናቡ ስለራሰ እርሳስ አልያዘም። ወደ ሰሜኑ ልዞር ብዬ የአሮጌ ከረጢቶችን ክምር ገፋሁት። ከኋላው በእርሳስ የተሰመሩ መስመሮች አሉ።

አጫጭር መስመሮች ናቸው፤ አጠገባቸው ቀን ተጽፏል። ከወገብ ይጀምሩና አንዱ ከአንዱ በጥፍር ስፋት እየበለጠ እስከ ደረት ይወጣሉ። ጽሕፈቱ የሱሚኤ ነው። የመጀመሪያው 5ኛ ወር 3 ቀን ይላል፤ ዓመቱ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት። የመጨረሻው 5ኛ ወር 26 ነው። ከዚያ ወዲያ ጣውላው ባዶ ነው።

ያን ዓመት አንድ ሁለቴ በአውቶቡስ ክሊኒክ መሄዷ ትዝ ይለኛል። ትከሻዬን ብላ ነበር። የአምስተኛው ወር ማብቂያ ከረጢት የምናለብስበት ጊዜ ነው። ምን እንዳልኳት ግን አላስታውስም። ዛፍ አይጠብቅም ብያት ይሆናል። ይሄን ለሁሉም ነው የምለው። ለራሴም።

መስመሩ የቆመው ስለዳነች ይሆናል።

ክምሩን ወደ ነበረበት መለስኩት። የራሴን መስመር ነገ ደቡቡ ሲደርቅ እሠራለሁ።

3ኛ ወር፣ 9 ቀን። ነፋስ።

ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ከመጋረጃው ወዲህ ተቀምጬ ነበር። ከወዲያ ቶፉ የሚባለውን የአኩሪ አተር አይብ የምትሸጠው ሴትዮና አንዲት ጓደኛዋ።

«እሱ ሽማግሌም ይታከም ጀመር አሉ።»

«ያ እርሻ በማን ትከሻ የቆመ ይመስልሻል? በሱሚኤ እኮ ነው! ጸጉሯን ስታበጥር አይተሻት ታውቂያለሽ? ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ!»

«ውይ። እሱስ አያይም?»

«እሱማ የራሱን ይለካል።»

ሳቁ። ስሜ ሲጠራ ሁለቱም ጸጥ አሉ። በፊታቸው ቀጥ ብዬ አለፍኩ።

የሴት ወሬ ነው።

3ኛ ወር፣ 10 ቀን።

ዛሬ ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ አየሁ። ግንባሯን ጉልበቷ ላይ ደፍታ ነው የምታበጥረው። ማበጠሪያው ወደ ጭንቅላቷ አይሄድም፤ ጭንቅላቷ ነው ወደ ማበጠሪያው የሚሄደው።

አርባ ዘጠኝ ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል።

3ኛ ወር፣ 12 ቀን። ፀሐይ።

ምሳ ላይ «እስቲ እጅሽን አንሺ» አልኳት።

«ለምን?»

«አንሺ ብዬሻለሁ።»

«እጄ ላይ ሩዝ አለ፣ የሺንጎ አባት።» ሁልጊዜ በልጃችን ስም ነው የምትጠራኝ። ልጃችን ኦሳካ ነው፤ ባቡር ይነዳል፤ ዛፍ አይወድም።

«ሩዙን አስቀምጪው።»

አስቀመጠችና ሁለቱንም እጆቿን አነሳች። ግራው እስከ ጆሮዋ ሄደ። ቀኙ ደረቷ ጋ ቆመ። ሳቀች። «እንግዲህ ፖሊስ ቢመጣ ግማሽ እጅ ነው የምሰጠው።»

«ያምሻል?»

«ድሮ ነው የተወኝ። ምንም አይለኝም።»

እንግዲያው ድናለች ማለት ነው። ሕመም የሌለው ነገር በሽታ አይባልም።



3ኛ ወር፣ 16 ቀን። ዝናብ።

መቶ አራት። ኦኩዴ ጀርባዬን መታ አደረገችኝ። «ታዛዥ ሲሆኑ ያምርብዎታል።»

ልብሴን እየለበስኩ ጠየቅኳት። «ሕመሙ የጠፋ፣ ግን የማይነሳ ትከሻ ምን ይባላል?»

«ዝም ያለ ትከሻ።»

«ዳነ ማለት አይደለም?»

«ጮኸ፣ ሰሚ አጣ፣ ዝም አለ ማለት ነው። በሰዓቱ ቢሠራበት ይመለስ ነበር። የማን ነው?»

«የሰው።»

አየችኝ። የሚቀጥለውን ቀጠሮ ጻፈችልኝ።

3ኛ ወር፣ 22 ቀን። ሞቃት። ያለ ወቅቱ ሞቃት።

የማኅበሩ ማስታወቂያ መጣ። ዘንድሮ አበባው ወደ አሥር ቀን ገደማ ይቀድማል። 4ኛ ወር 1 ወይም 2።

ትናንት ኦኩዴ ስትለካኝ መቶ ዘጠኝ። ከሃያ በላይ ጎድሎኛል። በእሷ አካሄድ ሃያ ዲግሪ ማለት ሦስት ሳምንት ነው። ያለኝ አሥር ቀን።

ኒሺኦ በወሰኑ በኩል ጮኸ። «ጋሽ ዮነሃራ! እንቡጡ አብጧል፤ ትከሻዎስ?»



3ኛ ወር፣ 25 ቀን። ሞቃት።

መቶ አሥራ አንድ። እንቡጡ ጫፉ ነጭ ሆኗል።

ኦኩዴ ሴትዮዋ ሥራዋን ታውቃለች፤ አልክድም። ግን ዛፍ አታውቅም። እኔ በሕይወቴ ስንት ሺህ ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ አስተኝቻለሁ። ወደ ሰማይ የሚሄድ ቅርንጫፍ በልመና አይተኛም። ሥሩ ላይ ትይዘዋለህ፣ ትጠመዝዘዋለህ፣ ትጫነዋለህ፣ አንዲት ትንሽ ድምፅ ያሰማል። ያችን ድምፅ ፈርቶ የሚለቅ ሰው ምንም አያስተኛም። ድምፁን ሰምቶ የማይለቅ፣ ቶሎ የሚያስር፣ እሱ ነው ገበሬ። ቅርንጫፉ እንደሆነ ቁስሉን ይሸፍናል፤ በመከር ፍሬ ይዞ ታገኘዋለህ። ይሄን መጽሐፉ አልነገረኝም። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ክንድም የሕያው ነገር ቅርንጫፍ ነው።

3ኛ ወር፣ 26 ቀን።

በግራ ነው የምጽፈው። አይነበብም። ነገ።

3ኛ ወር፣ 28 ቀን። ደመና።

በግራ እጅ አንድ ገጽ ለመጻፍ ከምሳ እስከ ገንዳ ሰዓት ፈጀብኝ። ግን የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ከትናንት ወዲያ ከቀትር በፊት ሦስተኛው ረድፍ ሥር ቆምኩ። ቀኝ እጄን በግራው ገፍቼ የምትችለው ድረስ አደረስኳት። ለቅርንጫፍ በምንጠቀምበት ገመድ የእጄን አንጓ ከላይ ካለው ሽቦ ጋር አሰርኩት። መቀሱን ሆን ብዬ ጎተራ ትቼው ነበር፤ ፈርቼ ገመዱን እንዳልቆርጠው። ከዚያ ጉልበቴን አጠፍኩ። ክብደቴን ሁሉ ለቀቅኩበት።

ድምፁ መጣ። ትንሽ አልነበረም።

እግሬ ከዳኝ። ተንጠለጠልኩ። እንደምንም ቆሜ በግራ እጄ ቋጠሮውን ስነካው በክብደቴ ጠብቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ቋጠሮው የራሴ ነው፤ እንዳይፈታ ብዬ የማስረው ዓይነት። የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ የቀትሩን ዜማ አሰማ። ያኔ ሱሚኤ የምሳዬን የሩዝ ጥቅል ይዛ መጣች።

ሩዙን መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ቋጠሮው እጇን ሰደደች። እጇ ደረቷ ጋ ቆመ። ግራውን ሞከረች፤ አልደረሰም። በእግር ጣቶቿ ቆመች፤ አልደረሰም።

«መቀስ ላምጣ» አለች።

«አትሂጂ» አልኳት።

እንደዚያ የምል ሰው አይደለሁም። ግን አልኩ።

ዞር ብላ ከረድፉ ጫፍ ሁለት የፍሬ ሳጥኖች ጎተተች። አንዱን በሌላው ላይ ደፋች፤ ወጣችበት። ቋጠሮው ደረቷ ትይዩ ሆነ። በጣቶቿና በጥርሷ ፈታችው። ፈጥና ነው የፈታችው። ሳጥን ላይ መቆም እንግዳዋ አልነበረም፤ እግሯ የት እንደሚረግጥ ያውቃል።

ያኔ ነው የገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት በየዛፉ ሥር ሳጥን ስትጎትት ያየኋት፣ አጭር ስለሆነች መስሎኝ ነበር። «ድንክዬ መጣች፣ ዙፋኗን ይዛ» እያልኩ በጎረቤቶች ፊት እቀልድባት ነበር። እሷም አብራ ትስቅ ነበር።

5ኛ ወር 26 ምን እንዳልኳት አሁን አስታውሳለሁ። እዚህ አልጽፈውም።

3ኛ ወር፣ 29 ቀን።

ጅማቱ ተበጥሷል። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ ቢሰፋም ይይዛል ብሎ አይምልም። ስድስት ሳምንት በክንድ ማንጠልጠያ።

ኦኩዴ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እስኪያምዎት አልኩ እንጂ እስኪበጠስ አላልኩም» ብላ ዞረች። ትንሽ ቆይታ ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ማነው ያሰረዎት?» አለች።

«እኔው ነኝ።»

«ማነው የፈታዎት?»

ነገርኳት። ሳጥኑንም፣ ጣውላው ላይ ያለውን መስመርም።

«ባለቤትዎ ይምጡ» አለች። «የእርሳቸውን ልየው። ብዙ ተስፋ አልሰጥም። ግን ይምጡ።»

4ኛ ወር፣ 2 ቀን። ፀሐይ።

ፈካ። ተዳፋቱ በሙሉ ነጭ ነው። በየእርሻው ሰው እጁን ዘርግቷል።

እኔ ሥሩ ቆሜ አያለሁ።

4ኛ ወር፣ 3 ቀን። ፀሐይ።

ሱሚኤ በንጋት ወጥታለች። የላባ ብሩሹን ረጅም ሸምበቆ ላይ አስራ፣ ሳጥኖቿን ይዛ። አንድ ዛፍ ስትጨርስ ትወርዳለች፣ ሳጥኖቹን ትጎትታለች፣ ትደራርባለች፣ ትወጣለች። ቀኝ ክንዷ ሲደክም በግራው ክርኗን ከሥር ትደግፈዋለች። እስከ ምሽት ሦስት ዛፍ።

«ተይው» አልኳት።

«ዛፍ አይጠብቅም» አለች። አልተቆጣችም። እንዲሁ፣ የአየር ሁኔታ እንደምትናገር።

4ኛ ወር፣ 4 ቀን። ፀሐይ።

ዛሬ ሁለት ዛፍ ብቻ። ሁለት ጊዜ ከሳጥኑ ላይ ልትወድቅ ነበር። ልርዳሽ ልላት አልችልም፤ በምን እጄ?

ኒሺኦ መጣ። ዛሬ አልቀለደም። «ጋሽ ዮነሃራ፣ ሁለት ሰው አለኝ። ለዘንድሮ ልያዝልዎት። ለከርሞ እንነጋገራለን።»

«ዛፌን ሌላ ሰው አይነካውም።»

«እንግዲያው እትዬ ሱሚኤ ይሙቱልዎት?»

በሩን ዘጋሁበት።

4ኛ ወር፣ 5 ቀን። ደመና።

አስቤ ጨረስኩ። እርሻው እስካለ ድረስ ሳጥኑን መጎተቷን አታቆምም። እኔም ለሰው አልሰጥም። አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀረው።

በንጋት ኒሺኦ ቤት ሄድኩ። «ቁረጠው» አልኩት።

«ምኑን?»

«ሁሉንም። አርባ አንዱንም።»

«አበባ ላይ? አንቱ ሰው፣ እኔ ልያዘው ብያለሁ እኮ!»

«ደንቡን አንተ አይደለህም ያነበብክልኝ? ቁረጥ።»

የሞተር መጋዙን ይዘው ሲመጡ ሱሚኤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሳጥኗ ላይ ነበረች። የመጀመሪያው ዛፍ ሲወድቅ ዞር ብላ አየች። አልወረደችም። አበባ መንካቷን ቀጠለች። አንዱ ወድቆ ሌላው እስኪደርስ፣ እሷ አበባ ትነካለች። የኒሺኦ ሰው ዛፏ ሥር ሲደርስ ሞተሩን አጠፋ። ኒሺኦ ራሱ ኮፍያውን አውልቆ «እትዬ» ብሎ እጁን ዘረጋላት። እጁን አልያዘችም። ብቻዋን ወረደች።

ወደ እኔ መጣች። ጸጉሯ ላይ አበባ ነበር።

«ይህን ረድፍ እኮ እኔ ነኝ የተከልኩት» አለች። «ሺንጎን አዝዬ። ረሱት?»

ለአንቺ ብዬ ነው ልል አፌን ከፈትኩ።

«ጠየቁኝ?» አለችኝ።

ወደ ቤት ገባች። ሞተሩ እንደገና ተነሳ።

4ኛ ወር፣ 6 ቀን። ዝናብ።

ሽቦው ባዶ ነው። መሬቱ ላይ ያለው አበባ ገና አልጠወለገም።

ደብተሩን ገልጬ የመጀመሪያውን ቀን አነበብኩ። «ሁሉንም የተከልኩት እኔ ነኝ» ይላል። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት። ይቀመጥ።

4ኛ ወር፣ 9 ቀን።

ምግብ ታቀርባለች። ሾርባውን ወደ ግራዬ ታስጠጋለች። አታናግረኝም።

ክሊኒክ ደውዬ ለእሷ ቀጠሮ ያዝኩ። ለ12። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላት።

4ኛ ወር፣ 12 ቀን።

አልሄደችም። ወረቀቱ ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ሰዓቱ እንዳያልፍ ብዬ እኔው ሄድኩ።

ኦኩዴ በሩን አየች፣ እኔን አየች። «የታሉ?»

«እምቢ አለች። ሥራውን ለእኔ አሳዩኝ፤ ቤት አሠራታለሁ።»

«ለእርስዎ አላሳይም።»

«ለምን?»

«ያሠሯታላ!» አለች። መጠበቂያ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ትከሻው የእርሳቸው ነው። ይሂዱ፣ ማንጠልጠያዎን ያጥብቁ» አለችኝ።

4ኛ ወር፣ 17 ቀን። ነፋስ።

ኒሺኦ ግንዱን ከምሮ ጨረሰ። ሽቦውንም ላንሳ ወይ አለኝ። ባለቤቴን ልጠይቅ አልኩት።

ጠየቅኳት። ከዛፎቹ ወዲህ የመጀመሪያው ቃሏ «ይቆይ» የሚል ሆነ።

ለምን እንደሚቆይ አልጠየቅኩም። ሽቦው ቆሟል።

4ኛ ወር፣ 23 ቀን። ፀሐይ።

ሱሚኤ ጠዋት ጥሩውን ሹራቧን ለብሳ ወጣች። «ክሊኒክ ነው የምሄደው» አለች።

ልነሳ ስል «ብቻዬን» አለች።

የአውቶቡሱ ፌርማታ ከቤታችን ይታያል። እስክትሳፈር ቆሜ አየኋት። የአውቶቡሱ እጀታ ከፍ ያለ ነው፤ በግራዋ ያዘችው።

ቀኑን ሙሉ ምንም አልሠራሁም። የሚሠራም የለም። ቀትር ላይ ምሳ ልሥራ ብዬ ሩዙን አሳረርኩት።

ወደ ማታ ተመለሰች። በእጇ የታጠፈ ወረቀት አለ። አላሳየችኝም። ሹራቧን አውልቃ ያረረውን ሩዝ አየች፤ ድስቱን ውሃ ሞላችበት።

«ስንት ዲግሪ አሉሽ?» አልኳት።

ወረቀቱን ኪሷ ከተተችው።

«የእኔ ነው» አለች።